በቁሟ የተለቀሰላት እናቴ

ማለዳ ገና በቅጡ ሳይነጋ በራችሁ ተንኳኳ እንበል። ስትከፍቱ ደረጃው ላይ ብዙ ሐበሻ ነጠላውን ለብሶ ዝም ብሎ ቆሟል። ምን ትላላችሁ? «ማን ሞተብኝ?» ነው የምትሉት። እኔም ያን ቀን የሆንኩት ይኸው ነው። ነገሩ ካለፈ ቆየት ብሏል፤ የሚያውቀኝ ሁሉ «አሁንስ ተይው፣ ይቅር በይ» ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኔም አልረሳሁም። እንድረሳም አልፈልግም። እንደነበረ ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ፤ ፍርዳችሁ ካልጣመኝ ግን አልቀበለውም፣ እንዳትቀየሙኝ።

የሺመቤት እባላለሁ፤ ሮም ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ የሺ ነው የሚለኝ። ከደብረ ብርሃን ወጥቼ እዚህ ስገባ ገና ወጣት ነበርኩ፤ አሁን ፀጉሬን ካልተቀባሁ ዕድሜዬን መደበቅ አልችልም። ሥራዬ አሮጊት መንከባከብ ነው። ፒኜቶ በሚባለው ሰፈር ሲኞራ ኦርኔላ ከሚባሉ መራመድ ከተሳናቸው ሴትዮ ጋር እኖራለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ሲበሳጩ እሰደባለሁ፣ ሲበርድላቸው ደግሞ «ከአንቺ በቀር ማን አለኝ» እባላለሁ። ማርኮ የሚባል ልጅ አላቸው፤ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ዳኒሎ ከሚባል ሰው ጋር ይኖራል። እንዴት እንደሚኖሩ ሲኞራ ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩኝ። ኩሽና ገብቼ አማተብኩና ድንቼን መላጥ ቀጠልኩ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። አሳንሰሩ በተበላሸ ቁጥር ሲኞራን አዝሎ ደረጃውን የሚወጣው ዳኒሎ ነው። እኔ ወገቤን ታምሜ ስተኛ እኔንም እሳቸውንም ያስታመመን እሱ ነው። ሰው አብሮ ሲኖር የሌላውን ኃጢአት መቁጠር ይደክመዋል፤ ቢያንስ እኔን ደከመኝ።

የዚህ አገር ሕግ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ኮሙኔ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት፣ ቀርበው አብሮ የመኖር ውል እንዲፈራረሙ ይፈቅዳል። ጋብቻ ግን አይባልም። ይባል፣ አይባል የሚለው ክርክር በየቴሌቪዥኑም በየቡና ቤቱም ማብቂያ የለውም። ማርኮና ዳኒሎ ከብዙ ማመንታት በኋላ ሊፈራረሙ ሲወስኑ አንደኛዋ ምስክር የማርኮ እህት ነበረች። ቀኑ ሲቃረብ እህትየዋ አልመጣም ብላ ቀረች። በማግሥቱ ሲኞራን እያለበስኳቸው እጄን ያዙኝ።

«ሳልሞት አንድ ደስታ ልይ፤ የሺ። ሴቷ ልጄ እምቢ አለች። አንቺ ቁሚለት» አሉኝ።

ቆምኩለት። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩና ፈረምኩ። ኃጢአት ነው አይደለም ብዬ አልተከራከርኩም፤ እኔ ሲኖዶስ አይደለሁም። የጠየቀችኝ እናት ነበረች። ዳኒሎ ደግሞ ደስታው አፍኖት እኔን መሀል አድርጎ የተነሣነውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው።

አሁን ስለ ማኅበሩ ልንገራችሁ። እዚህ ያለን ሐበሾች የመረዳጃ ማኅበር ነበረን፤ አሁንም አለ፣ እኔ ነኝ የሌለሁበት። አገር ቤት ሰው ሲሞትብን መርዶ የሚያረዳን፣ ወንበር የሚያመጣ፣ ወጥ የሚሠራ፣ አብሮን የሚያለቅስ ማኅበሩ ነው። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ቁመታም፣ ድምፀ መልካም፣ ሲናገሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ውሉ ወደ ሙሉ ጋብቻ እንዲያድግ መታሰቡን የሚቃወሙ ጣልያኖች ሰልፍ ጠርተው ነበር። ጋሽ ታደሰም ሐበሻው ባነር ይዞ ከሰልፉ እንዲቀላቀል ደፋ ቀና ይሉ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተከራይተው ንግግር ሊያደርጉና ፊርማ ሊያሰባስቡ ተዘጋጅተዋል። ፎቶዬ የማኅበሩ ቴሌግራም ላይ የወጣው ቅዳሜ ማታ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። እናቴ ደረቷን ታማ ነበርና ስልኬን የማነሣው ወደ እሷ ለመደወል ብቻ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ደግሞ የወንድሜ ስልክ አልሠራ አለኝ። ደውዬ ደውዬ ሲሰለቸኝ ስልኩን ታቅፌ ነው የተኛሁት።

እንግዲህ እሑድ ማለዳ በሩ የተንኳኳው በዚህ መሀል ነው።

ከፈትኩ። ስድስት ሰባት ሆነው ቆመዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስለለበሱ ሁሉም ነጠላ በነጠላ ናቸው፤ በዚያ ድንግዝግዝ ብርሃን የቅዳሴውን አለባበስ ከለቅሶው መለየት አልቻልኩም። ፊት ለፊት ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ከጎናቸው ብርቄ አለች። ብርቄ ማናት ብትሉ፣ በሐበሻው መሀል ሙሾ በማውጣት የታወቀች፣ እሷ ካልደረሰች ለቅሶው ለቅሶ የማይባል ሴት ናት። እሷን በማለዳ በሬ ላይ ሳይ የበሩን እጀታ አጥብቄ ያዝኩ።

«ምነው ጋሽ ታደሰ? ምን ሆናችሁ?»

«አይዞሽ» አሉኝ። «ግቢ እስቲ ወደ ውስጥ።»

«ምንድን ነው? ይንገሩኝ!»

«መጀመሪያ ተቀመጪ።»

ይህን ቃል ሐበሻ ሆኖ የማያውቅ አለ? መርዶ የሚጀምረው በዚህ ነው። የአባቴን ሞት ሲያረዱኝም እኚሁ ሰውዬ ያሉኝ «መጀመሪያ ተቀመጪ» ነበር።

«እናቴን!» ብዬ ወደቅኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጩን ነው የማስታውሰው። ፊቴን ነጨሁ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ የሲኞራን የአበባ ማስቀመጫ በክንዴ መትቼ ሰበርኩ። ይህን ያዩት ሴቶች ደግሞ ጎርፍ እንዳፈረሰው ግድብ ለቀቁት። ብርቄ በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ የእናቴን መሞት ጋሽ ታደሰ ከእነሱም ደብቀው ኖሯል ብላ ነው ያሰበችው። እያንዳንዷ የራሷን ሟች እያነሣች ታነባ ጀመር። ብርቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና እዚያው ኮሪደሩ ላይ አወረደችው፦

«ባሕር ማዶ ቆማ ልጅሽ ስትጠብቅሽ፣
ምነው ሳታቅፊያት አፈሩ አቀፈሽ?»

ይህ ግጥም አንጀቴን በጠሰው። ሲኞራ ከመኝታ ክፍላቸው በጣልያንኛ ይጮሃሉ፤ «የሺ! የሺ! ሞቼ ነው እንዴ? ለእኔ ነው የሚያለቅሱት?» ከላይ ማርኮና ዳኒሎ በፒጃማ ወረዱ። ማርኮ ፊቱ አመድ መስሎ በቀጥታ ወደ እናቱ ክፍል ሮጠ። ዳኒሎ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተንበረከከና ጭንቅላቴን ያዘ።

«እማማ ናት? ያንቺ እማማ?» አለኝ።

በጭንቅላቴ አዎን አልኩት። እሱም አለቀሰ። እናቴን በስልክ ያውቃታል፤ «ቻው እማማ» ባላት ቁጥር እሷም «ቻው የኔ ልጅ» ትለው ነበር። ከዚያ ተነሣና እንደ አገሩ ወግ «ኮንዶሊያንዜ፣ ኮንዶሊያንዜ» እያለ ያንን ሁሉ ሐበሻ አንድ በአንድ እየጨበጠ አጽናና። ጋሽ ታደሰንም ጨበጣቸው። እጃቸውን ለመሰብሰብ ጊዜ አላገኙም። ፎቶው ላይ ያለው ሰው መሆኑን ያወቁት እጃቸው እጁ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ያኔ ነው ጋሽ ታደሰ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው የጮኹት።

«ኧረ በሥላሴ ዝም በሉ! እናቷ አልሞቱም! የመጣነው ስለ ፎቶው ነው!»

ብርቄ ሁለተኛውን ግጥም ልትጀምር አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«የምን ፎቶ?» አልኩ ከወለሉ ላይ።

«ይህ… ከእነዚህ ሰዎች ጋር የተነሣሽው ነዋ። ልንመክርሽ ነው የመጣነው።»

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። ደስ ይላችኋል? እኔን ደስ አላለኝም፤ አላመንኳቸውማ! ሐበሻ መርዶ ሲያረዳ ይዋሻል። የሞተውን «ትንሽ አሞት ነው» ይላል፣ ሰው ከበረገገ ደግሞ «ኧረ ደህና ነው» ብሎ ሌላ ቀን ይመለሳል። የበረገግኩት እኔ ነኝ፤ ደንግጠው ቢመልሱትስ?

«ይማሉ» አልኳቸው።

«በእመቤቴ ስም!»

«ጋሽ ታደሰ፣ አባቴ ከተቀበረ በኋላ ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ አግኝቼዎት ‹ደህና ነው፣ በእመቤቴ› ብለው የማሉልኝ እርስዎ አይደሉም?»

ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞሩ ጀመር። ሌሎቹም ወለል ወለሉን አዩ። ለመሐላቸው የሚቆምላቸው አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም በየተራው እንዲሁ ምሎ ያውቃላ።

ተነሣሁ። በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

«የእናቴን ድምፅ በጆሮዬ እስክሰማ ከዚህ ቤት የሚወጣ የለም።»

«ምን ነካሽ የሺ? ቅዳሴ ሊጀመር ነው እኮ!»

«ቅዳሴውን ያስረፈዳችሁት እናንተ ናችሁ። ተቀመጡ። መጀመሪያ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ማርኮና ዳኒሎ ከላይ ወንበር አወረዱ። ነገሩ ያልገባው ዳኒሎ የቤት ወጉ ነውና ቡና በማሽን አፈላ፣ ብስኩት በሰሃን አድርጎ አዞረ። ሁሉም ሰሃኑን አይቶ ጋሽ ታደሰን አየ።

«አንበላም፤ ቅዳሴ አለብን» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ፈርቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መፍራቴን ተውኩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኳቸው። «እናቴ ሞታለች?»

«አልሞቱም አልኩሽ!»

«ካልሞተች ሰዉን አስከትለው መጥተው በቁሟ አስለቅሰውባታል። ሟርት ነው። ከሞተች ደግሞ ይህ የለቅሶ ቤት ነው፤ ለቅሶ ቤት የቀረበ እህል አይገፋም። የቱ ነው? ይምረጡ።»

ብርቄ ቀድማ ብስኩት አነሣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሽ ታደሰ የመጨረሻው ነበሩ፤ ከዳኒሎ እጅ ስኒውን ተቀብለው ፉት ሲሉ የነበራቸውን ፊት ሥዕል አድርጌ ብሰቅለው ደስ ባለኝ።

ስልኬ አሁንም እምቢ አለ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ ጎረቤት ጋ ደወልኩ፤ ያቺ የማሽን ሴት ብቻ ናት የምትመልስልኝ። መንጋቱ ለይቶለት ፀሐዩ በመስኮቱ ገባ። ሲኞራን በተሽከርካሪ ወንበራቸው አመጣናቸው፤ መሀል ላይ ተቀምጠው እንግዶቹን በመነጽራቸው ይመረምሩ ጀመር። ጋሽ ታደሰ መቼም ንግግር አያውቁም አይባልም፤ ለአዳራሹ ያዘጋጁትን እዚያው ጀመሩልኝ።

«ስሚኝ የሺ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልጆቻችን በዚህ አገር ቋንቋውን ጣሉት፣ ጾሙን ጣሉት። የቀረችን ገመድ ቤተሰብ ናት። እሷንም በሕግ ሊበጥሱብን ነው። ልጄ ፎቶሽን አይቶ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እትዬ የሺም ተስማምታለች፣ አንተ ብቻህን ምን ትጨነቃለህ?› አለኝ። ምን ልመልስለት?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ጥያቄ ገብቶኝ ነበር። እስከ ሐሙስ ከሰዓት ቆይተው፣ በዕረፍቴ ብቻቸውን መጥተው ቢጠይቁኝ ተቀምጬ አወራቸው ነበር።

«እኔ የፈረምኩት ሁለት ሰዎች ሲፈርሙ አየሁ ብዬ ነው» አልኳቸው። «ተስማማሁም አልተስማማሁም አላልኩም። ለልጅዎ ያንን ይንገሩት።»

«ማየትስ ለምን አስፈለገሽ?»

«እናትየው ስለለመነችኝ። እርስዎ ባንድ ወቅት እናት ለምናኝ ነበር ብለው ያደረጉት ነገር የለም?»

ማርኮ ስለ እነሱ እንደምናወራ ገብቶታል። ጋሽ ታደሰን በጣልያንኛ ጠየቃቸው፤ «ሲኞር፣ እኛ ምን አደረግንዎት?» እሳቸውም በደህና ጣልያንኛ መለሱለት። «እናንተ አይደላችሁም። የእናንተን ቤት እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የራሴን ቤት ነው የምጠብቀው» አሉት። ሲኞራ ኦርኔላ ይህን ሰምተው፣ «ታዲያ፣ የራሱን ቤት የሚጠብቅ ሰው በዚህ ማለዳ የእኔ ቤት ምን ይሠራል?» አሉና ብስኩታቸውን ቡናው ውስጥ ነከሩ። ጣልያንኛ የሚያውቀው ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

መሳቁ ይሆን ያናደዳቸው እንጃ፤ ጋሽ ታደሰ ብድግ አሉ።

«እንግዲያው ግልጹን ልንገርሽ» አሉኝ። «ማኅበሩ ወስኗል። ዛሬ ሰው ፊት ቀርበሽ ተሳስቻለሁ ካላልሽ፣ ሐዘንሽም ደስታሽም ለብቻሽ ነው። እናትሽ የሞቱ ለታ የሚቆምልሽ አንድ ሐበሻ አይኖርም።»

ይህን ያሉኝ የእናቴን መኖር ገና ሳላረጋግጥ ነው። ስልኬን በእጄ ይዤ፣ ፊቴ ላይ የነጨሁት ቦታ እየደማ። ብርቄ እንኳ «ኧረ ጋሽ ታደሰ!» ብላ አፏን ያዘች። እኔም በልቤ ያንን ዓረፍተ ነገር ተቀብዬ አስቀመጥኩት። ቂም የሚባለው ነገር ሲገባ ትኩስ መስሎኝ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው።

የጋሽ ታደሰ ስልክ ጠራ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል። አዩት፤ አላነሡትም። እንደገና ጠራ።

«ያንሡት እንጂ» አልኳቸው። «የሺ ቤት ለቅሶ ተቀምጫለሁ ይበሏቸው። ማን ሞተ ካሉዎት ደግሞ ያስቡበት።»

ስልኩን ዘጉትና ኪሳቸው ከተቱት። ያን ቀን ንግግሩም ፊርማውም ቀረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብላችሁ አትታዘቡኝ።

ቀትር ሲቃረብ ዳኒሎ «በእኔ ስልክ እንሞክር» አለ። የወንድሜን ቁጥር ነገርኩት። ጠራ! ወንድሜ አነሣ። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግነውና ሁሉም ዙሪያችንን ከበበ።

«እማዬስ?» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው? አለች እንጂ፤ መብራት ጠፍቶ ነው እኮ ስልካችን የሞተው፤ ገና አሁን መምጣቱ ነው።»

«አገናኘኝ! አሁን!»

ኮሽኮሽታ ተሰማ፣ ሳል ተሰማ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺው አንቺ?»

አሁን አለቀስኩ። የእውነቱን ያለቀስኩት ይሄኔ ነው። ትንሽ ስረጋጋ ሁሉንም ነገርኳት።

«እነማን ናቸው ያለቀሱልኝ?» አለች።

«የማኅበራችን ሰዎች።»

«በቁሜ?»

«በቁምሽ።»

«ምን ብለው?»

ብርቄን አየኋት። ብርቄ በጭንቅላቷ አይሆንም አለች፤ ስልኩን አፏ ላይ ደቀንኩባት። እያፈረች ግጥሟን ደገመችላት። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ግጥሙስ ያምራል። አፍሽ ይባረክ ልጄ» አለቻት።

ጋሽ ታደሰ ይህን መልካም አጋጣሚ ብለው ጠጋ አሉ። «እማማ፣ እግዜር ያኑርዎ። ስሕተት ነው። እኛ የመጣነው ልጅዎ ሁለት ወንዶች ሲጋቡ ምስክር ብትሆን ልንመክራት ነው።»

ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

«እግዚኦ!» አለች እናቴ። ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ሳለች። «እሱንስ ከነፍስ አባቷ ጋር ትጨርሰው። እርስዎ ግን የእኔን ሞት ምን ቤት አስገቡት?»

ጋሽ ታደሰ ከስልኩ ራቅ አሉ።

«ስሙኝ ልጆቼ» አለች እናቴ። «ያለቀሳችሁትን ተቀብያለሁ፤ እንባ አይመለስም። ለእኔ ያለባችሁን ግን ጨርሳችኋል። ስሞት ደግሞ እንዳትመጡ።»

ቁልፉን ከደረቴ አውጥቼ በሩን ከፈትኩ። አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን ደረጃው ላይ አጠለቁ። እኔ በራፉ ላይ ቆሜ «እግዜር ያጥናችሁ» አልኳቸው፤ ለቅሶ ደርሶ ለሚሄድ ሰው የሚባለውን ሳይሆን ለሐዘንተኛ የሚባለውን። ገብቷቸዋል።

ሲወጡ ዳኒሎ «ያ ሰውዬ ምን ብሎሽ ነው የወደቅሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። መርዶ በማለዳ እንደሚነገር፣ ብቻን ሆኖ እንደማይነገር፣ «ተቀመጪ» ተብሎ እንደሚጀመር አስረዳሁት። ቃሉን ደጋግሞ አለው። ወዲያው ሲረሳው እንስቅ ነበር።

ማኅበሩ በሚቀጥለው ስብሰባ አስወጣኝ። ይቅርታም አልጠየቅኩም፣ እንዲመልሱኝም አልለመንኩም።

እናቴ የሞተችው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ወንድሜ ለእኔ በስልክ መንገር አልሆነለትም። ለማኅበሩም እንዳይደውል እናቱ ያለችውን ሰምቷል። ስልኩ ላይ የዳኒሎ ቁጥር ቀርቶ ነበርና ለእሱ ደወለለት፤ ወንድሜ አስተማሪ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ተግባቡ። ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ማርኮና ዳኒሎ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ቆመዋል። ዳኒሎ በአማርኛ፣ «የሺ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አለኝ።

ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሰዎች ሰምተው መጡ። ሐበሻ ለቅሶ ሲሰማ ቤቱ መቀመጥ አይችልም፤ አውቃለሁ። ጋሽ ታደሰም ነበሩ። በሩን ሳልከፍት፣ «እናቴ ያለችውን ታስታውሳላችሁ፤ ጨርሳችኋል» አልኳቸው። ኮቴያቸው ወደ ታች ወረደ። ብርቄ ግን አልሄደችም። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ያንኑ ግጥም አወረደችው። «ምነው ሳታቅፊያት አፈሩ አቀፈሽ።» አሁን እውነት ሆኗል። በሩን ተደግፌ ከእሷ ጋር አለቀስኩ፤ እሷ በዚያ ወገን፣ እኔ በዚህ ወገን። ዳኒሎ እጁን ወደ ቁልፉ ዘርግቶ «ልክፈትላት?» አለኝ። በጭንቅላቴ አይሆንም አልኩት። ድምፅዋ ሲሰልል ተነሥታ ሄደች።

ነፍስ አባቴ «ለብርቄ እንኳ መክፈት ነበረብሽ» አሉኝ። ይሆናል። ለዚያም ቀኖና ሰጥተውኛል፤ ሰግጃለሁ፣ ቂሙ ግን ከስግደቱ ጋር አልወረደም።

አንባቢዎቼ፣ ያ ማለዳ ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ ይህን እላችኋለሁ። እዚህ አገር ስንኖር የሚገዛን ሕግ ሳይሆን ለቅሶ ነው። ያልመሰለንን «ልክ ነው» የምንለው፣ የመሰለንን የምንውጠው፣ ነገ ማን ያለቅስልኛል ብለን ነው። እኔም ብዙ ዘመን እንዲያ ኖሬያለሁ። ስለ ጋብቻው ክርክር የምታስቡትን አስቡ፤ እኔም የማስበውን ለራሴ ይዣለሁ። ግን ሰውን በእናቱ ሞት አታስፈራሩት። የፈራው ነገር አንዴ ከደረሰበት በኋላ የምትይዙበት ገመድ አይኖራችሁም።

«አንቺስ ስትሞቺ ማን ይመጣልሻል?» የሚሉኝ አሉ። የፈለገ ይምጣ፣ በሬ ክፍት ነው። ግን ከማልቀሱ በፊት መሞቴን ያረጋግጥ።